መስመሩን የሚያንቀሳቅሰው ማን ነው?

እሁድ እሁድ ስንገናኝ የአንዷ ልጅ ችግር ከተነሳ፣ ከሐዘኑ ቀድሞ የሚመጣ አንድ ቃል አለ፤ «ሞኝ ናት» የሚል። ማዳሟ ሌባ ብላ ካሳሰረቻት፣ «ድሮስ ለምን ወርቁን ነካች?» እንላለን። የስምንት ወር ደመወዝ ከተበላባት፣ «ለምን ሳትቀበል ፈረመች?» እንላለን። ከቤት ወጥታ ኢቃማዋ ከተበላሸ፣ «ማን ውጪ አላት?» እንላለን። ቡናው ይቀጥላል፣ ልጅቷ ሞኝ ተብላ ትቀራለች፣ እኛም ብልጥ የሆንን እየመሰለን ወደየቤታችን እንመለሳለን።

እኔ ይሄን ቃል አልቀበለውም። ይህን የምጽፈውም ለዚሁ ነው።

ገጠር ያደጋችሁ ታውቁታላችሁ፣ ወፍ የሚያጠምድ ልጅ ወጥመዱ ላይ ድንጋይ አያስቀምጥም። እህል ነው የሚበትነው። ወፏ የምትያዘው ሞኝ ስለሆነች ሳይሆን ስለራባት ነው። እህል መልቀም ደግሞ በሌላው ቀን ሁሉ በሕይወት ያቆያት ነገር ነው። እኛም እንደዛው ነን። እኛን የሚይዘን ወጥመድ የሚሠራው ከክፉ ጠባያችን አይደለም። ከታዛዥነታችን፣ ከይሉኝታችን፣ «ለእናቴ ቤት ልሥራላት» ከሚለው ተስፋችን ነው። «ፈርሚ» ስትባል የፈረመችው ልጅ ሞኝ አይደለችም፤ ትልቅ ሰው ሲያዝ እሺ ማለትን ተምራ ያደገች ልጅ ናት። እና ምን እንበላት? አስተዳደግሽን አውሮፕላን ማረፊያ ጥለሽ ነይ ልንላት ነው?

ነገሩን በኳስ ላስረዳ። ኳስ የማትወዱ ትንሽ ታገሱኝ።

እኔ ኳስ የለመድኩት እዚሁ ቤይሩት ነው። መጀመሪያ በገባሁበት ቤት ወንዶቹ ማታ ማታ ሳሎን ቁጭ ብለው ኳስ ያያሉ፣ እኔ በሩ ጋ ቆሜ ልብስ እተኩሳለሁ። የኮንትራቴን ሁለት ዓመት ከጀርባቸው ቆሜ አየሁ። ከሁሉም ያስቸገረኝ ኦፍሳይድ ነበር፤ የኛ አገር ጋዜጠኞች «ከጨዋታ ውጪ» የሚሉት። የገባኝ ቀን ግን «እንዴ! ይሄማ የኛው ታሪክ ነው» አልኩ።

ሕጉ እንዲህ ነው። አጥቂው በተጋጣሚው ሜዳ ውስጥ ሆኖ፣ ጓደኛው ኳሱን በሚመታበት ቅጽበት፣ ከኳሱም ከመጨረሻው ሁለተኛ ተጋጣሚም አልፎ ወደ ጎሉ ከቀረበ ከጨዋታ ውጪ ነው። ከመጨረሻዎቹ ሁለት አንዱ ብዙ ጊዜ በረኛው ስለሆነ፣ በዓይናችን የምናየው መስመር የተከላካዮቹ መስመር ነው። ወጥመዱ ያለው እዚህ ጋ ነው። ተከላካዮቹ በአንድ መስመር ይቆማሉ። ኳሱ ሊመታ ሲል፣ ሁሉም እኩል አንድ ሁለት እርምጃ ወደ ፊት ይወጣሉ። አጥቂው ንቅንቅ አላለም። ከአንድ ሰከንድ በፊት የቆመበት ቦታ ትክክል ነበር። አሁን ግን ብቻውን ከኋላቸው ቀርቷል፣ የመስመር ዳኛው ባንዲራም ተነስቷል። ሕዝቡ «ምን ዓይነት ደደብ ነው!» ይላል። እሱ እኮ ቦታውን አልቀየረም። የተንቀሳቀሰው መስመሩ ነው።

አሁን ወደ ከፋላ ኑ። ኢቃማሽ በማዳም ስም ነው። እዛ ቤት ውስጥ እስካለሽ ድረስ ሕጋዊ ነሽ። ደመወዝ ስላልተከፈለሽ፣ ወይ ስለተመታሽ፣ ወይ የቤቱ ወንድ ሌሊት በርሽን ስላንኳኳ ከቤት የወጣሽ ቀን፣ ማዳም ስልክ ታነሳና «ጠፍታለች» ትላለች። በቃ። ሳውዲ ያሉ እህቶቻችን «ሁሩብ» የሚሉት ይሄንኑ ነው። ምንም ያልሰረቅሽ፣ ማንንም ያልመታሽ ሰው፣ ከሰዓት በፊት ሕጋዊ የነበርሽ፣ ከሰዓት በኋላ ተፈላጊ ሆንሽ። ኳስ እንኳ ከዚህ ይሻላል፤ እዛ ቢያንስ ባንዲራው በተከላካዩ እጅ አይደለም። እኛ ጋ ተከላካዩም የመስመር ዳኛውም አንድ ሰው ነው።

መስመር የሚንቀሳቀሰው በወረቀት ብቻ አይደለም። የ2019ኙን የሊራ ውድቀት አስታውሱ። ደመወዟ 150 ዶላር የነበረች ልጅ፣ ማዳሟ በድሮው ምንዛሪ፣ በ1,500 አባዝታ 225,000 ሊራ ትሰጣታለች እንበል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2021 የጥቁር ገበያው ዶላር 15,000 ሊራ ደረሰ። ያ 225,000 ሊራ 15 ዶላር ሆነ ማለት ነው። ማዳም ግን «ደመወዝሽን መቼ ነካሁት? ያው ነው» ትላለች። እውነቷን ነው፣ ቁጥሩን አልነካችውም። ልጅቷ ሥራዋን አልቀነሰችም፣ የቆመችበትም ቦታ ያው ነው። በዛው ወቅት፣ በ2020 ሰኔ ላይ፣ ማዳሞች ሠራተኞቻቸውን ከነሻንጣቸው አምጥተው ሃዝሚዬ ያለው ቆንስላችን በር ላይ ጥለው ሲሄዱ አይተናል። እነዚያንስ «ማን ውጪ አላችሁ» ልንላቸው ነው?

ስለ ኳሱ ሕግ አንድ ታሪክ ልጨምር፤ ለክርክሬ የሚጠቅመኝ ይሄ ነው። ድሮ፣ የእንግሊዝ ኳስ ሲጀመር አካባቢ፣ አጥቂውን ለማዳን ከፊቱ ሦስት ተጋጣሚዎች መኖር ነበረባቸው። በዚያ ሕግ ወጥመዱ በጣም ቀላል ነበር። የኒውካስል ተከላካይ ቢል ማክራከን በዚህ ሥራ ስሙ የታወቀ ነው፤ ወደ ፊት እየወጣ አጥቂዎችን ባንዲራ ላይ ይጥላቸዋል። ሌሎች ቡድኖችም ተማሩት። ጨዋታው ሁሉ ሜዳው መሃል ላይ ታፍኖ ቀረ። ታዲያ ኃላፊዎቹ ምን አደረጉ? አጥቂዎቹን ሰብስበው «ብልጥ ሁኑ» ብለው መከሩ? የለም። በ1925 ሕጉን ቀየሩት፣ ሦስቱን ሁለት አደረጉት። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በእንግሊዝ አንደኛ ዲቪዚዮን የገባው ጎል 1,192 ነበር። በሚቀጥለው ዓመት 1,703 ሆነ። በአንድ ክረምት አጥቂው ሁሉ ብልህ ሆኖ አይደለም እኮ።

ይሄን የምነግራችሁ «የኛ ልጆች አይማሩም» ለሚሉ ነው። ሊባኖስ ውስጥ ከ1946 ጀምሮ ያለው የሠራተኛ ሕግ፣ አንቀጽ 7 ላይ የቤት ሠራተኛን በስም አውጥቷል። ሰባ ሰማንያ ዓመት ሆነው እንግዲህ። በ2009 አንድ ወጥ ኮንትራት ወጣ፣ ብዙዎቻችን በማናነበው በአረብኛ የፈረምነው። በመስከረም 2020 የተሻለ ኮንትራት መጣ፤ ሠራተኛዋ ያለ ከፊሏ ፈቃድ ኮንትራቱን እንድታቋርጥ፣ ፓስፖርቷን ራሷ እንድትይዝ፣ በሳምንት 48 ሰዓት ብቻ እንድትሠራ የሚል። ብዙም ሳይቆይ፣ በጥቅምት፣ የኤጀንሲ ባለቤቶች ማኅበር ከሶ በአስተዳደር ፍርድ ቤት አሳገደው። እነሱ እንደ ተከላካዮቹ መስመር እኩል ነበር የወጡት። በጥር 2015 የቤት ሠራተኞች እዚሁ ቤይሩት ማኅበር ሲመሠርቱም የሥራ ሚኒስቴር አልቀበልም አለ። ኳታር በ2020 የቤት ሠራተኞችን የመውጫ ፈቃድና የአሠሪ ይሁንታ ወረቀት አንስቻለሁ ብላለች፤ «ጠፍታለች» ብሎ ማስመዝገብ ግን እዛም አልጠፋም። ሕግ ይቀየራል፣ በግማሽ።

ሕጉ እስኪቀየር ጨዋታው አይቆምም። ነገ ጠዋት ስድስት ሰዓት ቡና ማፍላት አለብን። ስለዚህ አሁን ስለ መከላከል።

ከኦፍሳይድ የተማርኩት ትልቁ ነገር ይሄ ነው፦ ዳኛው የሚያየው ኳሱ ሲደርስሽ የት እንደነበርሽ ሳይሆን፣ ኳሱ ሲመታ የት እንደነበርሽ ነው። ሁሉ ነገር ቅጽበቱ ላይ ነው። እኛ ጋ ደግሞ ቅጽበቱን የሚይዝልን ሰው የለም። ካሜራ የለም፣ የመስመር ዳኛም የለም። ከስምንት ወር በኋላ ቆንስላ ቀርበሽ «አልከፈለችኝም» ስትይ የመጀመሪያው ጥያቄ «ከመቼ ጀምሮ?» ነው። እዛ ላይ ነው ብዙዎቻችን ድምፃችን የሚደክመው። ማዳም ቀን አላት፣ ፊርማ አላት፣ ወረቀት አላት። እኛ እንባ አለን። እንባ ቀን የለውም።

ስለዚህ ደብተር። ትንሽ፣ የትም የምትገባ። ቤቱ የገባሽበት ቀን፣ የተነገረሽ ደመወዝና በምን ገንዘብ እንደሆነ፣ የተቀበልሽበት ቀንና መጠን፣ ያልተቀበልሽበት ወር። የተመታሽበት ቀን ካለም፣ የት አካልሽ ላይ እንደሆነ። በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በምትችይው። የደመወዝ ደረሰኝ ፈርሚ ከተባልሽና መፈረሙ ግድ ከሆነ፣ ከፊርማሽ አጠገብ በራስሽ ቋንቋ «የተቀበልኩት ይህን ያህል፣ በዚህ ቀን» ብለሽ ጻፊ። ማዳም ፊርማሽ ረዘመ ብላ ታስብ ይሆናል። ታስብ። አንድ ቀን አስተርጓሚ ያነበዋል።

ስለ ገንዘብ ፈተናም ልናገር፤ ወጥመድ ማለት በስሙ ይሄ ነውና። የሚታጠብ ሱሪ ኪስ ውስጥ መቶ ዶላር፣ ሶፋ ሥር ቀለበት፣ አልጋው ራስጌ የተዘራ ሊራ። ረስተውት የሚሆንበት ጊዜ አለ፣ ሆን ተብሎ የተጣለበት ጊዜም አለ፣ አንቺ ልትለዪው አትችይም። እኔ አንድ ቤት ስሠራ ኪስ ውስጥ ባገኘሁ ቁጥር ሳላወጣው ሱሪውን እንዳለ ይዤ ሳሎን፣ ሰው ፊት እወስደው ነበር። «ማዳም፣ እዚህ ውስጥ የሆነ ነገር አለ» እላለሁ፣ ራሷ ታወጣዋለች፣ ልጆቿ እያዩ። ስልክ ያላት ደግሞ ሳትነካው ፎቶ ታንሳው፣ ሰዓቱ ይያዛል። አንስቶ መሳቢያ ውስጥ ማስቀመጥ፣ «ማታ እሰጣታለሁ» ማለት፣ በጎ ሐሳብ ነው፤ ግን ማታ እስኪደርስ በአንቺ እጅ ነው ያለው።

አንዳንድ እህቶች በዚህ ፈተና ሲኮሩ እሰማለሁ፤ «ሦስቴ ፈተነችኝ፣ ሦስቴም አለፍኩ» ይላሉ። ልባቸው ንጹሕ ስለሆነ ነው የሚኮሩት፣ ይገባኛል። ግን ይሄ ማለፊያ የሌለው ፈተና ነው። ብታልፊ ይደገማል፣ ብትወድቂ ትታሰሪያለሽ። የማዳምን ሐቀኝነት ማን ፈትኖት ያውቃል? ያልተከፈለ ደመወዝ ኪሷ ውስጥ ስምንት ወር ሲቀመጥ ፎቶ ያነሳው የለም።

ቤት ስንቀይርም አንድ የተረት ቀበሮ ትዝ ትበለን። ሁላችሁም በልጅነታችሁ የሰማችኋት ናት። ያረጀው አንበሳ ታምሜአለሁ ብሎ ዋሻው ውስጥ ተኛ፣ እንስሳቱ ሊጠይቁት እየገቡ ቀሩ። ቀበሮ ግን ደጅ ቆማ ሰላምታዋን አቀረበች። ለምን አትገቢም ሲላት፣ የገቡበትን ዱካ አያለሁ፣ የወጡበት ግን የለም አለችው። የቀበሮዋን ጥያቄ በእኛ ቋንቋ አዙሩት፦ «ከእኔ በፊት የነበረችው ልጅ የት ሄደች?» ኤጀንሲውን ጠይቁ፣ የሰፈሩን ናጡር ጠይቁ፣ ፎቅ ላይ ያለችውን ፊሊፒናዊት ጠይቁ። ኮንትራቷን ጨርሳ በሻንጣ በክብር ሄደች ከተባለ ጥሩ። «ጠፋች»፣ «አበደች»፣ «ሌባ ነበረች» የሚል መልስ ከሰማችሁ፣ በተለይ ሁለት ሦስት ልጅ በተከታታይ እንዲህ ከተባለች፣ ዱካውን አያችሁት ማለት ነው። ከአገር ቤት በቀጥታ የምትመጣ ልጅ ይሄን የመጠየቅ ዕድል እንደሌላት አውቃለሁ። ለእሷ ልንጠይቅላት የምንችለው እኛ ነን።

ከተረት ወደ ልብ ወለድ ልሂድ። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያላነበበ እንኳ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሰምቶታል። እኔም የሰማሁት እንጂ ያነበብኩት ኋላ ነው፣ እዚህ አገር፣ አንዷ እህት አውሳኝ። ሰብለ ወንጌል ታስራ አልነበረም እኮ። በር አልተቆለፈባትም። አባቷ ፊታውራሪ መሸሻ ለእሷ የሚመጥን ዘር የለም እያሉ ጠያቂዎቿን ሁሉ ሲመልሱ ዕድሜዋ ቤት ውስጥ አለቀ። ወጥመዷ ክብር ነበር። እኛ ስናነበው ለሰብለና ለበዛብህ እናለቅሳለን። በዛብህ ብቻውን ሸሸ፣ መንገድ ላይ ሽፍታ አገኘው። ሰብለ የመነኩሴ ልብስ ለብሳ ብቻዋን ተከተለችው፣ የደረሰችው እሱ ሊሞት ሲል ነው። እዚህ ቤይሩት ስንት ሰብለ አለች፣ ሌሊት በበረንዳ የወረደች!

ግን እዚያው መጽሐፍ ውስጥ የምንዘለው ክፍል አለ። ገበሬዎቹ። ፊታውራሪ አዲስ ግብር ሲጭኑባቸው አልሸሹም፣ አንድ በአንድም አልተለማመጡም። አበጀ በለውን ይዘው አንድ ላይ ቆሙ፣ ሊወጓቸው የመጡትን ፊታውራሪ ማረኩ። አንድ ጌታ፣ ሁለት ዓይነት መከላከል። ብቻቸውን የሮጡት ልጆች የቱንም ያህል ቢዋደዱ አልዳኑም። ሰብለን አልወቅሳትም፤ ገበሬዎቹ እርስ በርስ ይተዋወቁ ነበር፣ እሷ ግን ከቤት ወጥታ የምታውቀው ሰው አልነበራትም። የኛም ልዩነት እዚህ ላይ ነው።

«ቻይው» ስለሚለው ምክር ደግሞ ዝም ብዬ ማለፍ አልፈልግም። መክተቡ ቻይው ይላል፣ ደላላው ቻይው ይላል፣ እናታችን እንኳ በስልክ ቻይው ትላለች። መቻል መጥፎ ነው አልልም። ደራርቱ ቱሉን አስቡ፣ ባርሴሎና፣ 1992። 10,000 ሜትር 25 ዙር ነው። የደቡብ አፍሪካዋ ኤላና ሜየር ወጣች፣ ደራርቱ ከኋላዋ ተለጠፈች። ሜየር ነይ ምሪ ስትላትም አልመራም አለች። መሪነቱን ተቀብላ ቢሆን ነፋሱን የምትሰብረው እሷ ነበረች። ችላ ቆየች፣ መጨረሻው ዙር አካባቢ ሲደርስ ፈተለከች፣ ወርቁን ወሰደች። ይሄ መቻል ነው። ግን ደራርቱ ዙር ትቆጥር ነበር። ሃያ አምስተኛው ዙር እንዳለ ታውቃለች። ስንተኛው ዙር ላይ እንዳለሽ ሳታውቂ፣ ደወሉ መቼ እንደሚደወል ሳታውቂ ቻይው ማለት ሌላ ነገር ነው፤ ሩጫው ማለቂያ እንደሌለው ሳይነግሩሽ ማስሮጥ ነው። «እስከ መቼ?» ብላችሁ ጠይቁ። ቀን ያልተቆረጠለትን ትዕግሥት አትቀበሉ። «ገንዘብሽን አጠራቅሜልሽ አገርሽ ስትሄጂ እሰጥሻለሁ» የምትል ማዳምንም «በየወሩ ለእናቴ ላኪልኝ፣ ደረሰኙን ስጪኝ» በሏት። መልሷ ብዙ ይነግራችኋል።

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚል ተረት አለን። በየስብሰባው ይጠቀሳል፣ እኔ ግን እንደ መድኃኒት አላየውም። መጠርጠር እንዳለብን አውቃለሁ፤ «ነይ ፍሪ ሥሪ፣ በወር ሦስት መቶ ዶላር፣ ቤት አለኝ» ብሎ በስልክ የሚያባብለው ሰው ብዙ ጊዜ የኛው አገር ሰው ነው፤ ከወጣሽ በኋላ የቤት ኪራይና የ«ማውጫ» ዕዳ ጭኖብሽ ያስቀርሻል። እህልን የሚበትነው ፈረንጅ ወይ አረብ ብቻ አይደለም። ግን ሁሉንም የምትጠረጥር ልጅ መጨረሻዋ ብቻዋን መቅረት ነው፣ ወጥመድ ደግሞ የሚወደው ብቻዋን የሆነችን ነው። ኦፍሳይድ የሚያዘው ወደ ጎን ያላየው ነው።

ኳሱ ስለዚህ አንድ የሚያስደስት ነገር አለው። ያ ወጥመድ እንዲሠራ ተከላካዮቹ ሁሉ እኩል መውጣት አለባቸው። አንዱ ብቻ ዘግይቶ ከኋላ ከቀረ፣ ሕልም ውስጥም ይሁን ጫማውን እያሠረ፣ መስመሩ ፈረሰ፤ አጥቂው ሕጋዊ ነው፣ ጎሉ ይቆጠራል። በየቤቱም ብዙ ጊዜ ከሌሎቹ ጋር እኩል የማትወጣ አንዲት ሰው አለች። አያትየዋ ልትሆን ትችላለች፣ ዩኒቨርሲቲ የምትማረው ልጅ፣ ጎረቤት፣ ናጡሩ። ማዳም ሰደበችሽ ብላ ዓይኗን የምትሰብር፣ ተደብቃ ዳቦ የምትሰጥሽ። ያችን ሰው ዕወቋት። ቀን ስትቆጥሩ ትስማ፣ ደመወዝ ስትቀበሉ ትኑር። ምስክር ማለት ፍርድ ቤት የሚመጣ ሰው ብቻ አይደለም፤ አንዳንዴ «እማማ፣ ይቺ ልጅ እኮ አልወሰደችም» የምትል የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ናት።

ጣቢያ ከደረሳችሁስ? «ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል» የሚባለው ለዚህ ነው። የኛ አረብኛ የማድቤት አረብኛ ነው፤ ሽንኩርት ለመግዛት ይበቃል፣ ራስን ለመከላከል አይበቃም። ልብሱን ከመስመሩ ላይ ወሰድኩ ለማለት «አና አኸድት» ብትሉ፣ ወርቅ ጠፋ በተባለበት ክፍል ውስጥ «እኔ ወሰድኩ» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። የሊባኖስ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 47 የተያዘ ሰው ሰው የማስጠራት፣ ጠበቃ የማግኘት፣ አረብኛ ካላወቀ አስተርጓሚ የማግኘት፣ ሐኪም እንዲያየው የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ሁልጊዜ ይከበራል ብዬ አላታልላችሁም። ግን ቁጥሩን ያዙት፣ አርባ ሰባት፤ በአረብኛ «ሰብዓ ወ አርብዒን»። «ሙተርጂም» ብላችሁ ጠይቁ፤ የማታነቡት ወረቀት ላይ አትፈርሙ፤ ቃላችሁን ደግሞ አታሳምሩት፣ አታስረዝሙት።

ከቤት መውጣት ግድ የሚሆንበት ቀን እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። ሕይወት ላይ ከመጣ፣ ስለ መስመርም ስለ ባንዲራም አታስቡ፣ ውጡ። ጊዜ ካላችሁ ግን የሌላውን አንድ ነገር አትያዙ፣ ማዳም የሰጠቻችሁን አሮጌ ቀሚስ እንኳ ቢሆን ተዉት፤ ክፍላችሁን ፎቶ አንሱ፤ ከመውጣታችሁ በፊት ለአንድ ሰው ሰዓቱንና ምክንያቱን ላኩ። ያ መልእክት ኳሱ የተመታበት ቅጽበት ነው። ነገ የስርቆት ክስ ቢመጣ፣ ትናንት ማታ ለምን እንደወጣችሁ የሚናገር ወረቀት አለ ማለት ነው።

የማቀርበው ሐሳብ ትንሽ ነው። እያንዳንዳችን የሌላ ልጅ ደብተር እንያዝ። በወሩ መጀመሪያ «ተቀበልኩ» ወይም «አልተቀበልኩም» ብላ ትላክልን፣ እኛ ከነቀኑ እንጻፍ። ስልክ ያላት በስልክ፣ የሌላት በበረንዳ። ኤጀንሲዎቹ ተሰብስበው መስመራቸውን እኩል ካወጡ፣ እኛ ደብተር መያዝ አያቅተንም። ቡድናችን ወደ ቆንስላ ወይ ወደ ጠበቃ ሲሄድ የአንዲት ልጅ እንባ ይዞ ሳይሆን የሃያ ልጆች ቀን ይዞ ይሂድ። እምቢ ያላት ትኖራለች፣ «ደብተሩ ቢያዝስ?» ያለችም አለች። ለዚህ ነው በሌላ ሰው እጅ ይሁን የምለው።

እኔ አሁን የአራት ልጆች ደብተር አለኝ። አንዷ ማክሰኞ ማክሰኞ የማጸዳው ሕንፃ ላይ አምስተኛ ፎቅ ናት፣ ስልክ የላትም፣ በር አይከፈትላትም። ቆሻሻ ልትጥል ስትወርድ ደረጃው ላይ ቁጥሩን በጣቷ ታሳየኛለች። በዚህ ወር እጇን ጨብጣ አሳየችኝ፣ ዜሮ ማለት ነው። ጻፍኩት። ሦስተኛ ወሯ ነው።